ፋን የጠላው ሰውዬ
ስቲቭ ጆብስ የፋን ድምፅ አይወድም ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው አፕል 2 ፋን አልነበረውም፤ መሐንዲሱ ሮድ ሆልት ብዙ የማይሞቅ ፓወር ሰፕላይ ስለሠራለት አልተቸገረም።

በ1980 አፕል 3 ሲመጣ ግን ነገሩ ከረረ። ፋን የለም፣ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ እንኳ የለም። ሙቀቱ በአሉሚኒየሙ ቀፎ በኩል ራሱ ይውጣ ተባለ። ሙቀቱና የቦርዱ መጣበብ ተደማምረው ቺፖቹ ከመሰኪያቸው እየወጡ አስቸገሩ። ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ትንሽ አንሥታችሁ ልቀቁት! ቀልድ አይደለም፤ ቺፖቹ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ነው።

ይኸው ሰው በ2003 ፓወር ማክ ጂ5ን ሲያስተዋውቅ ውስጡ ስንት ፋን ነበር? ዘጠኝ። ያም ሆኖ «የንፋስ ዋሻ» የሚል ቅጽል ከወጣለት ከጂ4 ይልቅ ጸጥ ያለ ነበር። ቀፎው ውስጡ በአራት ተከፍሏል፤ ፋኖቹም ሙቀቱ በሚፈልገው ልክ ብቻ ዝግ ብለው ይሽከረከራሉ።

ሚስጥሩ ፍጥነቱ ላይ ነው እኮ። የአንድን ፋን ፍጥነት በግማሽ ብትቀንሱት የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ኬዛችሁ ከቻለው 80 ሚሊሜትሩን ትታችሁ 120 ወይም 140 ግዙ፤ ትልቁ ቀስ እያለ ያንኑ አየር ያንቀሳቅሳል። ባለ አራት ገመዱን ምረጡ፣ ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን የሚያዘው በአራተኛው ገመድ ነው። ሻጩ ስለ መብራቱ ቀለም ሲያወራላችሁ፣ እናንተ ዝቅተኛው ፍጥነቱ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ ጠይቁት።