የቀዝቃዛ ውኃ ጠላቂዎች መቁረጫና ትጥቅ

በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚሠራ ጠላቂ መቁረጫ የሚይዘው ከሁሉ በፊት ራሱን ለማስለቀቅ ነው። በሰሜን ባሕርና በባልቲክ ባሕር ወለል ላይ የቀሩ አሮጌ የዓሣ መረቦችና የናይለን ክሮች በደፈረሰ ውኃ አይታዩም፤ ጠላቂው የሚያውቃቸው ሲይዙት ነው። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ ጣቶች ቶሎ ይደነዝዛሉ። በዚህ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጓንት ሲጨመር ቀጭን እጀታ መጨበጥ ያስቸግራል። እንግዲህ ምርጫው ከስለቱ በፊት ከእጅ ይጀምራል፤ እጀታው ወፍራምና ሻካራ፣ አፎቱም በጓንት በአንድ እጅ የሚከፈት መሆን አለበት።

ቢላዋ ወፍራም ገመድን በጥርሳሙ ጎኑ ይገዘግዛል። ይሁን እንጂ የላላ ክር ከፊቱ ስለሚሸሽ፣ ክሩን የሚወጥር ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ሁለተኛው እጅ በመረብ ከተያዘስ? ለዚህ የነፍስ አድን ሠራተኞች የሚይዙት ዓይነት ጠንካራ መቀስ ይበልጣል። ስለቱ በመንጠቆ ውስጥ የተሸሸገ ትንሽ የክር መቁረጫም ልብስ ስለማይቀድ ተመራጭ ነው፤ ለወፍራም ገመድ ግን አይሆንም። የቢላዋው ጫፍ ደነዝ ቢሆን ይሻላል፤ ሹል ጫፍ ውኃ የማያስገባውን ልብስ ይበሳል። የብረት ገመድ የሃይድሮሊክ መቁረጫ የሚያሻው ሌላ ሥራ ነው።

ቲታኒየም በባሕር ውኃ አይዝግም፤ ማግኔትም ስለማይስበው የባሕር ፈንጂ አምካኞች ይመርጡታል። ስለቱ ግን በሙቀት እንደጠነከረ ብረት አይቆይም። ካርቦን የበዛበት «የማይዝግ» ብረት ስለቱን ይይዛል፤ ስሙ እንደሚለው ግን ከዝገት ነፃ አይደለም።

ቢላዋን በባት ላይ ማሰር የቆየ ልማድ ነው፤ ወፍራም ልብስ የለበሰ ሰው ግን እስከዚያ ጎንበስ ማለት ይቸገራል። ሁለት መቁረጫዎችን በደረትና በወገብ፣ የትኛውም እጅ በሚደርስበት ቦታ ማሰር ይበጃል።

የኒዮፕሪን ልብስ ሙቀት የሚይዘው በውስጡ ባሉት የጋዝ አረፋዎች ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከውኃው ገጽ በእጥፍ ስለሚበልጥ አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፣ ልብሱም ይሳሳል። ስለዚህ ለረጅም ሥራ ውኃ የማያስገባ ልብስ ከሙቅ ውስጥ ልብስ ጋር ይመረጣል። በአንድ ቦታ ቆሞ ለሚሠራ ጠላቂ ደግሞ ከመርከብ በቱቦ ሙቅ ውኃ የሚላክለት ልብስ አለ። የመተንፈሻው ሬጉሌተርም በበረዶ ተይዞ አየር ያለማቋረጥ ሊለቅ ስለሚችል፣ ውኃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ለቅዝቃዜ የተፈተነው ይመረጣል።

ከሥራ በኋላ መቁረጫው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የመቀሱም መጋጠሚያ ይቀባል። ጨዋማ ውኃ እንደያዘ በአፎቱ ያደረ የብረት ቢላዋ ዝገት ይጀምረዋል።