ከጓሮ ወደ ምድጃ፦ የፍግ ታሪክ በእኛ ሀገር



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ስለ እበት ነው። ቁይም ሆነ ሌሎች የጎጃም ከተሞች ውስጥ ያሉ ወጣቶች፣ አትክልት ሲወደድባቸው በጓሯቸው ሰላጣና ጎመን መትከል ሲያስቡ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ፍግ ነጃሳ አይደለም ወይ? በሱ የበቀለ ይበላል ወይ?» ይሉናል። መልሱ አጭር ነው፤ ከኋላው ያለው ታሪክ ግን ረጅም ስለሆነ ከታሪኩ እንጀምር።

በጎጃም ደጋ እበት የሚጣል ነገር ሆኖ አያውቅም። ግድግዳና ወለል ይለቀለቅበታል፣ አውድማ ይለቀለቅበታል፣ ጎተራ ይመረግበታል። የተረፈው ከበረት በየማለዳው እየተጠረገ ከቤቱ ጀርባ ይከመራል። አመዱም፣ ገለባውም፣ የቤት ጥራጊውም እላዩ ላይ ይደፋል። ከርሞ ሲጠቁር የጎመኑ፣ የዱባው፣ የቃሪያውና የነጭ ሽንኩርቱ መደብ ይሆናል። የገጠር ቤት ዙሪያ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ፣ ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ቀይና ደረቅ የሚሆነው በተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ የእናቶች ቅርጫት የሠራው ነው። ፍግ ከባድ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ አንዳንዱ ገበሬ ፍጉን ወደ ማሳው ከመሸከም ይልቅ ከብቱን እዚያው ማሳው ላይ ያሳድራል። የአጥሩን በረት በየጥቂት ቀኑ እያዘዋወረ መሬቱን በየተራ ያዳብራል።

እዚህ ላይ የሙስሊሙን ታሪክ ሳናነሳ አናልፍም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በሰሜኑ ደጋ ርስት የሚባለው መሬት በአብዛኛው ለሙስሊሙ የተከለከለ ነበር። አባቶቻችን በንግድ፣ በሽመናና በመሳሰለው ሙያ ይኖሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓባይን ተሻግረው ለሚመጡ ነጋዴዎች መገናኛ የነበረው የባሶ (የጁቤ) ገበያ የሙስሊም ነጋዴዎች አሻራ ያለበት ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ሲወጣ፣ መሬት በሃይማኖት ሳይለይ ለአራሹ ሁሉ እንዲዳረስ ደነገገ። ከዚያ በፊት ርስት ያልነበረው ሰው በእጁ የሚያለማው የቤቱን ዙሪያ ብቻ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ጓሮን መናቅ ለእኛ አይሆንም የምንለው ከዚህ ተነስተን ነው።

ታዲያ ፍጉ ከጓሮ ለምን ወጣ? እንጨት ስላለቀ ነው። ደጋው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስና ሲመነጠር ደኑ ተራቆተ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ እየተስፋፋ ሄዶ የደጋውን ችግር በከፊል ቢያቃልልም፣ ግንዱ የሚሸጥ ሀብት ሆነና ምድጃው ለኩበት ተተወ። እበቱ ከጭድ ጋር ይለወስና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ይነድዳል፣ ይሸጣልም። አመዱ ጥቂት ጥቅም ያስቀራል። ለቅጠላ ቅጠል ዋናው የሆነው ናይትሮጅንና አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽ ግን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ይህን ስንል ኩበት የሚያነዱትን እናቶች እየወቀስን አይደለም። እራት ማብሰል ለነገ አይባልም፤ ጓሮ ግን ይከርማል።

በ1960ዎቹ በጆንያ የሚመጣው ማዳበሪያ፣ ዳፕና ዩሪያ፣ በገበሬው ዘንድ መታወቅ ጀመረ። ቋንቋችን እንኳ ተቀየረ። «ማዳበሪያ» ሲባል ፍግ የሚታወሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ባዶው ጆንያ ራሱ «ማዳበሪያ» ተብሎ ቀርቷል! ጆንያው ምርት መጨመሩን አንክድም። ነገር ግን ብስባሽን አይተካም። ጎዛምንንና ስናንን ጨምሮ የጎጃም ደጋ ብዙ መሬት በአሲድ ተጠቅቷል። ኖራ የሚበተነው ለዚሁ ሲሆን፣ የበሰለ ፍግም የአሲዱን ጉዳት ያቀላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልላችን ገበሬ ምን ያህል እንደተጨነቀ ሁላችንም እናስታውሳለን።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ሶሐባዎችም ተነጋግረውበታል። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ወደ መሬታቸው ፍግ፣ ያውም የሰው ዓይነ ምድር፣ በቅርጫት ይወስዱ እንደነበር ተዘግቧል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ በመሬታቸው ላይ ይህን አይፈቅዱም ነበር። ኢብኑ ቁዳማ በ«አል-ሙግኒ» እንደጠቀሱት፣ በሐንበሊይ መዝሀብ በነጃሳ የበቀለው ክልክል ነው የሚል አቋም ሲኖር፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን አይከለከልም ብለዋል። ምክንያቱም ነጃሳው አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ሌላ ነገር ተለውጧል። በሻፊዒይ መዝሀብ የላምም የበግም ፋንድያ ነጃሳ ነው፤ በማሊኪይና በሐንበሊይ ግን ሥጋው የሚበላ እንስሳ እበት ጣሂር ነው። ስለዚህ ላምና በግ ለሚያረባ ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ቀላል ነው። የሻፊዒይን መንገድ የሚከተል ሰውም ፍግ ሊጠቀም ይችላል፤ አትክልቱ ላይ የነካውን ያጥባል፣ ልብሱና እጁን የነካውን ከሶላት በፊት ያጸዳል። የገበያውን ኩበት በተመለከተም ሐነፊዮች ሽያጩን ፈቅደዋል። ሻፊዒዮች ደግሞ ባለቤቱ ክፍያ ተቀብሎ እጁን ከንብረቱ ላይ የሚያነሳበት መንገድ አላቸው።

ነገሩ ፈትዋ ላይ አልቆመም፤ ዕውቀት ሆኖ ተጽፏል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በአንደሉሷ ጡለይጡላ፣ በዛሬዋ ቶሌዶ፣ የንጉሡን አትክልት ቦታ ይንከባከብ የነበረው ኢብኑ ባሳል የፍግን ዓይነቶች ለይቶ ጽፏል። ከእርሱ አንድ ክፍለ ዘመን በኋላ የሴቪያው ኢብኑል ዐዋም በትልቁ «ኪታቡል ፊላሐ» የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለአፈር፣ ሁለተኛውን ለፍግ ሰጠ። የእርግብ ፋንድያ ኃይለኛ ስለሆነ በጥቂቱ ይደረጋል፣ የቆየ ፍግ ካዲሱ ይሻላል የሚለውን ትምህርት እዚያ እናገኛለን። በፋርስ ኢስፋሃን ደግሞ በሳፋቪዶች ዘመን ለእርግቦች ረጃጅም ማማዎች ተሠርተው ነበር፤ የታሰበው ለሐብሐቡ እርሻ ፋንድያ ለመሰብሰብ ነው። የእኛ እናት ኪታቡን ሳታይ «ትኩስ እበት ችግኝ ያቃጥላል» የምትለው ከዚያ ትምህርት ጋር አንድ ነው።

ትኩስ እበት ከማቃጠሉም በላይ ተሕዋስያንና የትል እንቁላል ይይዛል። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ የሚደርስና በጥሬው የሚበላ ነው፤ ስለዚህ ትኩስ እበት በሰላጣ መደብ ውስጥ የሚበሰብስበት ጊዜ የለውም። አስቀድሞ ተከምሮ መብሰል አለበት። የጋሪ ፈረስ ፋንድያ በየከተማችን መንገድ ዳር ተከማችቶ ይታያል፤ ባለ ጋሪውን ብትጠይቁት ደስ ብሎት ያስጭናችኋል። የዶሮ ኩስ ጠንካራ ስለሆነ ጥቂት ይበቃል፣ ከገለባ ጋር ይደባለቅ። ጥሩው ጊዜ ሰብል የሚወቃበት፣ ገለባ የሚበዛበት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። እበትና ገለባ በየተራ እየነጠፈ፣ በመሐሉ አመድና አፈር ጣል እየተደረገበት ይከመር። ውሃ እየተርከፈከፈ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይገላበጥ። ከላይ በቅጠል ወይም በአሮጌ ጆንያ ይሸፈን። ሚያዝያ ላይ ስትገልጡት ሽታው ጠፍቶ፣ ጠቁሮ፣ በእጅ ሲይዙት እየፈረሰ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው፤ ከክረምቱ በፊት መደቡ ላይ ይበተን።

ወላሁ አዕለም።