ደፈረ፣ ጠለፈ፣ ገደለ

ቤቴል ሰፈር ውስጥ ጎረቤታሞች ቡና ላይ ስለ አንድ የግድያ ዘጋቢ ፊልም ሲያወሩ፣ «ዘጋቢ» ከፍርድ ቤቱ «መዝገብ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። በግዕዝ «ዘገበ» ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው፤ «መዝገብ»ም ሀብት የሚከማችበት ስፍራ ነበር። ስለዚህ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ የሚጠየቀው ምን ተከማቸ፣ በምን ስም ተከማቸ የሚለው ነው።

በአገራችን ከታወቁት የግድያ መዝገቦች አንዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠለፏት። ጠላፊዋ ደፈራት። መሣሪያውን ይዛ ስታመልጥ ሲከተላት ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ያዘ፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ልጅቱ የተከሰሰችበት «ገደለ» አስገራሚ ታሪክ አለው። ግዕዝ ለመግደል የሚጠቀመው «ቀተለ»ን ነው፤ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር ይጋራዋል። ገ-ደ-ለ ግን ትግልን ያሳያል፦ «ተጋደለ»፣ «ተጋድሎ»፣ የቅዱሳን «ገድል»። አማርኛ ይህንኑ ሥር ወስዶ የትግሉን መጨረሻ፣ የሌላውን ሞት ሰየመበት። ለአዳኝ ደግሞ «ግዳይ» መጣል ሙገሳ ነበር። ያቺ ልጅ ያደረገችው የትኛው ነው ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ተጋደለች እላለሁ።

«ጠለፈ» ከዚህ ይብሳል። የሐበሻ ቀሚስ ላይ መርፌው ክሩን ጠልፎ ያወጣል፤ ውጤቱም «ጥልፍ» ነው። ባላንጣ እግር ይጠልፋል፣ ሰላይ ስልክ ይጠልፋል፣ ወንበዴ አውሮፕላን ይጠልፋል። ሁሉም ውስጥ አንድ ነገር አለ፦ መንገዱን ይዞ የሚሄደውን አቋርጦ ወደ ራስ መሳብ። «ጠለፋ» ግን ለረጅም ጊዜ በጋብቻ ስም ሲጠራ ኖረ፤ «የጠለፋ ጋብቻ» ተባለ። ሕጉም አግዞታል፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ክሱ ይቀር ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግ፣ ስሙንም «የወንጀል ሕግ» ያደረገው፣ በአንቀጽ 587 ሴትን ለጋብቻ መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ፤ ጋብቻው መፈጸሙም ከቅጣት አያድንም አለ።

ከሁሉም በላይ የምቆረቆርለት «ደፈረ» ነው። በግዕዝም በአማርኛም ፍርሃትን ጥሎ መነሣት ነው፤ «ደፋር» የሚመሰገንበት ጊዜ ብዙ ነው። ቃሉ ወደ ሌላው ወሰን ሲሻገር ግን ጥፋት ይሆናል፦ ድንበር መድፈር፣ ችሎት መድፈር፣ ከዚያም አስገድዶ መድፈር። ወንዱ «ደፈረ» ሲባል የጀግና ቃል ይዞ ይሄዳል፤ እሷ «ተደፈረች» ተብላ የተሸነፈ ድንበር ትሆናለች።

እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በ1999 በአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ላይ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም በርእሱ ልጅቱን «ገዳይ» አላት። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ግን ያንኑ ታሪክ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ያበቃውን ፊልሙን «ድፍረት» አለው። ርእሱ የደረሰባትንም ያደረገችውንም ይዟል፤ እዚያ ካገኘው የተመልካች ሽልማት ይልቅ ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ቃሉን ከጠላፊው ወስዶ ለልጅቱ ሰጣት።

ዜና የምትጽፉ፣ ፊልም የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ተደፈረች» ብላችሁ አትለፉ፤ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይሰወራል። «አስገድዶ ደፈራት» ብላችሁ ጻፉ፤ ባለቤቱንም አስቀምጡ።