በጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ላይ ስለ ሰው መልክ አቀራረጽ

ዋና ከተማው ዲላ በሆነው በጌዴኦ አገር ከቡናውና ከእንሰቱ መካከል ቆመው የሚታዩት ትክል ድንጋዮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የወንድ ብልት ቅርጽ ያለው ሲሆን፥ ሁለተኛው የሰው መልክ የተቀረጸበት ነው። በጨልባ ቱቱቲ ከ1000 የሚበልጡ ድንጋዮች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም ከፊተኛው ወገን ናቸው። በቱቱ ፈላ ግን 300 ያህል ድንጋዮች በአንድ ጉብታ ላይ ተሰብስበው፥ የሰው መልክ ያላቸው በብዛት ይታያሉ።

ስለነዚህ ድንጋዮች ፈረንሳዊው ካህን አዛይስ ከሻምባር ጋር የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪስ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሮዤ ዡሶም ቱቱ ፈላን ቆፍሮ ሲመረምር፥ ጉብታው የመቃብር ስፍራ መሆኑንና ከቀደሙት ድንጋዮች አንዳንዶቹ ኋላ እንደገና ተቀርጸው ወደ ሰው መልክ መለወጣቸውን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የሳካሮ ሶዶ ጥናት ደግሞ የትክል ድንጋዩን ልማድ መነሻ ወደ አንደኛው መቶ ዓመት አደረሰው፤ ይኸውም አስቀድሞ ከተገመተው በ1000 ዓመት ያህል የሚቀድም ነው።

ቀራጩ የድንጋዩን ድቡልቡል ቁመት እንዳለ ይዞ፥ ዓይንን፥ አፍንጫን፥ አፍንና ክንድን በጥቂት መሥመር ብቻ ያመለክታል። በጢያ ባሉት 36 ድንጋዮች በብዙዎቹ ላይ ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት ሲታይ፥ በቱቱ ፈላ ፊት መታየቱ የሁለቱን ልማድ ልዩነት ይገልጻል።

በጥቂት መሥመር ሰውን ማሳወቅ የዛሬዎቹም የቪዲዮ ጨዋታ ሠዓሊዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው ሺጌሩ ሚያሞቶ ኋላ ማሪዮ የተባለውን ሰው ሲሥል፥ መስተዋቱ የሚፈቅድለት የብርሃን ነጥብ ጥቂት ስለ ነበረ፥ አፍ በመሣል ፈንታ ሪዝ፥ ጠጕር በመሣል ፈንታ ባርኔጣ አደረገለት። በዚያ ነጥቡ፥ በዚህም ድንጋዩ የመልኩን ጠባይ ወሰነ።

ይሁን እንጂ ዓላማቸው አንድ አይደለም። የጨዋታው ሰው በየቤቱ እንዲባዛ የተፈጠረ ሲሆን፥ የቱቱ ፈላው መልክ ከመቃብር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ከጌዴኦ ድንጋይ አዲስ ጀግና ለመሣል የሚሻ ሠዓሊ የትኛው ቅርጽ ፊተኛ፥ የትኛው ኋለኛ እንደ ሆነ መለየት ይገባዋል። ድንጋዮቹን ያቆሙት ሰዎች የጻፉት ታሪክ አልተገኘምና፥ የዘመናቱ ቅደም ተከተል የሚነበበው ከድንጋዩና ከመቃብሩ ብቻ ነው፤ ሁሉን ያለ ልዩነት ቢቀላቅለው ያን ንባብ ከተመልካች ዓይን ይሰውራል።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፥ ድንጋዮቹ ከጥብቅ ደኑና ከእርሻው ጋር አብረው ተመዝገበዋል። ይህም መልኩን ከስፍራው ለይቶ ማየት እንደማይገባ የሚያስታውስ ነው።