ሪባን የታሰረላት ቁልቋል

ባለፈው ገና ዋዜማ ለአክስቴ ስጦታ ልገዛ ወጣሁ። ዶሮውን ወንድሟ ልኮላታል፣ ጠጁን ራሷ ጥላለች፣ ሻርፕ እንደሆነ በየዓመቱ እየሰጠኋት ቁም ሣጥኗን ሞልቼዋለሁ። ‹‹ዘንድሮስ ሕይወት ያለው ነገር ልውሰድላት›› ብዬ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ቆምኩ። ከተደረደሩት መካከል ከላይ ያለው ቅጠሏ እንደ በርበሬ የቀላች አንዲት ተክል ዓይኔን ሳበችው። ሻጩ ልጅ ይህን አይቶ ‹‹እሷ የውጭ ናት፤ ፈረንጆች ለገና የሚሰጣጧት›› አለኝ። ዋጋዋም የውጭ ነበር። ቀይ ሪባን አሰረላት፤ እኔም ታቅፌያት ታክሲ ተሳፈርኩ።

አክስቴ ስማ ተቀበለችኝ። ተክሏን ዞር ዞር አድርጋ አየቻትና ሳቀች። ከዚያም እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ከማድ ቤቱ ጥግ ከጣሪያው በላይ ያደገ ዛፍ ቆሟል፤ ጫፍ ጫፉ ሁሉ ቀልቷል። ያችው ናት!

‹‹ምነው የኔ ልጅ፣ ከዚህ ቆርጠሽ አሥር አትተክዪም ነበር?›› አለችኝ።

ማፈሬን ለመሸፈን ‹‹ስሟ ማን ነው?›› ብዬ ጠየቅኋት።

‹‹አበባ ነዋ!››

እናላችሁ፣ የዚህችን ተክል ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንጆቹ ‹‹ፖይንሴቲያ›› ይሏታል። አክስቴ ‹‹አበባ›› ብላ ማለፏ ከዚህኛው ስም የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ቀዩ ነገር አበባ አይደለም፤ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች መሐል ላይ ያሉት ጥቃቅን ቢጫ ነጠብጣቦች ናቸው። ቅጠሏን ስትቀጥፉት ነጭ ወተት ይወጣዋል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ወተት ያውቀዋል፤ የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ነው። ዝምድናው እውነተኛ ነው፤ ሦስቱም ‹‹ዩፎርቢያ›› በሚባለው ወገን ይመደባሉ። የሷ ሳይንሳዊ ስም ‹‹ዩፎርቢያ ፑልኬሪማ›› ሲሆን ‹‹እጅግ ያማረችው ዩፎርቢያ›› እንደማለት ነው። ልጁ ‹‹የውጭ ናት›› ብሎ የሸጠልኝ እንግዲህ የአጥራችንን የቁልቋል ዘመድ ነው።

አገሯ ሜክሲኮ ነው። አዝቴኮች በናዋትል ቋንቋ ‹‹ኩዌትላሾቺትል›› ይሏት ነበር። ከቀዩ ቅጠሏ ቀለም ያወጡ ነበር፤ ወተቷን ደግሞ ለትኩሳት መድኃኒትነት ይጠቀሙበት ነበር። ስፔናውያን አገሩን ከያዙ በኋላ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ታስኮ በምትባል ከተማ አካባቢ የነበሩ የፍራንሲስካን መነኮሳት ተክሏ በልደት በዓል ሰሞን እንደምትቀላ ልብ ብለው በበዓሉ ሥርዓት ውስጥ አስገቧት። ሜክሲኮውያን ዛሬም ‹‹ኖቼቡዌና›› ይሏታል፤ የልደት ዋዜማ ሌሊት ማለት ነው።

ከዚያው አገር የሚነገር አንድ ተረትም አለ። አንዲት ድሃ ልጅ ለሕፃኑ ኢየሱስ የምትሰጠው ብታጣ ከመንገድ ዳር አረም ነቅላ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ገባች። አረሙም መሠዊያው ሥር ሲደርስ ቀይ አበባ ሆነ። ተረት ነው፤ ግን አንድ ነገር ይነግረናል። ይህች ተክል ስጦታ ሆና የጀመረችው ገንዘብ በሌለው ሰው እጅ ነው፤ ተገዝታ ሳይሆን ተነቅላ።

ታዲያ ‹‹ፖይንሴቲያ›› ከየት መጣ? ጆኤል ሮበርትስ ፖይንሴት የአሜሪካ ዲፕሎማት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ሜክሲኮ ውስጥ የአገሩ የመጀመሪያው ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ተክል ወዳድ ስለነበር ቀዩዋን ተክል ወደ አገሩ እንደላካት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1829 ፊላደልፊያ ላይ በተካሄደ የአበባ ዐውደ ርዕይ ለሕዝብ ታየች። እ.ኤ.አ. በ1836 ደግሞ ሮበርት ግራም የተባለ የኤዲንብራ የዕፅዋት ሊቅ በዲፕሎማቱ ስም ‹‹ፖይንሴቲያ›› ብሎ ሰየማት። ይህ ስያሜ በሳይንሱ ዓለም አልጸናም፤ ገበያው ግን ያዘው።

ሰውዬው በሜክሲኮ የሚታወሰው ግን በአበባ አይደለም። የአገሪቱን መሬት፣ በተለይ ቴክሳስን፣ ለመግዛት ግፊት ያደርግ ነበር። የፍሪሜሶን ማኅበራትን መንገድ አድርጎ በአገሬው ፖለቲካ ውስጥ እጁን አስገባ። በመጨረሻም የሜክሲኮ መንግሥት ‹‹ውሰዱልን›› ብሎ ስለጠየቀ ተጠርቶ ወጣ። ሜክሲኮውያን በሰው ጉዳይ መግባትንና ማን አለብኝነትን ‹‹ፖይንሴቲስሞ›› ብለው እስከመጥራት ደርሰው ነበር። በዚህም አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1841 የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሆነ። የቸሮኪ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1838 በወታደር ተከቦ ከአገሩ የተነቀለው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰውም በመንገድና በመጠለያ ያለቀው በሱ መሥሪያ ቤት ዘመን ነው። አሜሪካውያን ይህን ጉዞ ‹‹የእንባ መንገድ›› ይሉታል። የፖይንሴቲያ ቀን ብለው በየዓመቱ የሚያስቡት ዲሴምበር 12ም ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1851 የሞተበት ዕለት ነው። እንግዲህ ለዘመድ ‹‹እንኳን አደረሰሽ›› ብለን የምናበረክታት ተክል የዚህን ሰው ስም ተሸክማ ነው በር የምታንኳኳው።

ከመንገድ ዳር ወደ ሳሎን ያስገባት ግን ዲፕሎማቱ ሳይሆን ነጋዴው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጀርመን ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደደው የአልበርት ኤኪ ቤተሰብ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ቀዩን ቅርንጫፍ እየቆረጠ መንገድ ዳር መሸጥ ጀመረ። ልጁ ፖል እ.ኤ.አ. በ1923 እርሻውን ኤንሲኒታስ ወደምትባል ከተማ አዛወረው። ያኔ ተክሏ ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ቤት ውስጥ ስትገባም ቅጠሏን ቶሎ ታረግፋለች። ቤተሰቡ አጭርና ጠንካራ ዝርያ አወጣ፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ለገና ሰሞን የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ተክሏን በነጻ ያድል ጀመር። ተመልካቹ በስቱዲዮው ያየውን በየቤቱ ፈለገ። ‹‹የገና ወግ›› የምንለው ነገር አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚሠራው።

በጣም ያስገረመኝን ልጨምር። ገዢ የሚመርጣት ያ ድምቡሽቡሽ ያለ፣ ቅርንጫፈ ብዙ ቅርጿ የመጣው ከበሽታ ነው! ‹‹ፋይቶፕላዝማ›› የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ያለባትን ተክል ጤነኛዋ ላይ በማዳቀል ሲያስተላልፉባት ቅርንጫፍ ታበዛለች። ኤኪዎች ዘዴውን ለረጅም ዓመታት በምስጢር ይዘው ገበያውን ተቆጣጠሩት። ምስጢሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተመራማሪዎች ይፋ ሲወጣ ተወዳዳሪዎች ጎረፉ፤ ምርቱም የሰው ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት አገር ተሰደደ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ዛሬ ለአውሮፓ ገበያ የሚሆኑ የፖይንሴቲያ ቁራጮች፣ በእርሻዎቹ አጠራር ‹‹ከቲንግ››፣ ከሚመጡባቸው አገሮች መካከል ኬንያ፣ ኡጋንዳና ኢትዮጵያ ይገኛሉ። እኛ አገር እንዲህ ያሉ የከቲንግ እርሻዎች ካሉባቸው ቦታዎች አንዱ ቆቃ አካባቢ ነው። በአበባ እርሻዎቻችን አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው፤ ብዙዎቹም በኔ ዕድሜ ያሉ ናቸው። በእኛ ክረምት ለጋው ጫፍ ይቆረጣል፣ ይታሸጋል፣ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ እዚያ ሥር ሰዶ፣ አድጎ፣ ቀልቶ ለዲሴምበር ይደርሳል። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ አብዛኛው ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። አንዲት ልጅ ሐምሌ ላይ የቆረጠችው ጫፍ ዕድሜው እስከ ጥር ነው ማለት ነው። ሁሉም ሲጠራ በስሙ የሚነሣው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ሚኒስትር ነው።

‹‹ታዲያ አትስጡ ነው የምትይን?›› ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! ስጡ፤ ግን ከበዓሉ ማግስት የት እንደምትኖር አስባችሁ ስጡ። የእኛ ዕድል ይህ ነው፦ በረዶ የለብንም፣ ስለዚህ እኛ ዘንድ የምትጣል ዕቃ መሆን የለባትም። ተቀባዩ ግቢ ካለው መሬት ላይ ተክሏት፤ እንደ አክስቴ ዛፍ ጣሪያ ታልፋለች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ከሆነ ብርሃን ያለው መስኮት መኖሩን አጣሩ፤ መትከያዋም ከሥሩ የተበሳ ይሁን፣ ውኃ ከተኛባት ሥሯ ይበሰብሳል። የምትቀላው ረጅም ያልተቋረጠ ጨለማ ለሳምንታት ስታገኝ ነው፤ እኛ አገር ከኅዳር ጀምሮ ሌሊቱ ከቀኑ ትንሽ መርዘሙ ይበቃታል። ማታ ማታ አምፖል የሚበራባት ከሆነ ግን አረንጓዴ ሆና ልትቀር ትችላለች። ‹‹ትገድላለች›› የሚለውን አትስሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ሃዋይ ውስጥ አንድ ሕፃን በሷ ሞተ ከተባለ ወዲህ የሚዞር ወሬ ነው፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች አልደገፉትም። ቢሆንም ወተቷ ቆዳና ሆድ ስለሚያስቆጣ ከሕፃናት አርቋት።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ከመግዛታችሁ በፊት የጎረቤትን አጥር ቀና ብላችሁ እዩ። የተረቷ ድሃ ልጅ ያደረገችው እሱን ነው።

አክስቴ በዓሉ ካለፈ በኋላ ስጦታዬን ከበሩ አጠገብ ተከለቻት። ሪባኑን ፈትታ፣ በእጇ አለሳልሳ፣ ለሚቀጥለው በዓል መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ያነበብኩትን ሁሉ፣ ስለ አዝቴኮቹም ስለ ሚኒስትሩም፣ ቡና እየተፈላ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ‹‹ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ማን ነበር ያሏት?›› አለችኝ።

‹‹ኩዌትላሾቺትል›› አልኳት።

ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ ሳቀች። ግን ሞከረች።

መልካም በዓል!