ወርቃማው ዘመን የማን ነው?

«ምርጥ ዘፈኖች» የሚል ሸክላ ወይም ካሴት ገዝቶ የሚያዳምጥ ሰው፣ «መራጩ ማነው? ከየት ነው የመረጠው?» ብሎ አይጠይቅም። እኛ ግን እስቲ እንጠይቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን የባንድ ሙዚቃ ታሪክ ትልቁ ስብስብ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» ነው። የመጀመሪያው ቅጽ «ወርቃማ ዓመታት» ይልና ከ1969 እስከ 1975 ብሎ ይወስነዋል። ለምን 1969? ለምን 1975? ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሸክላ የማሳተም መብት የሃገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ዘፋኙም ሙዚቀኛውም አብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር ወይም የቴአትር ቤት ተቀጣሪ ነው። አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ፈቃድ ሳይጠብቅ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ማተሚያው እዚህ የለምና ሥራው ውጭ አገር እየታተመ ይገባ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አሳተመ። እንደ ሶል ኤኮስ ያሉ ከመንግሥት ቤት ውጭ የቆሙ ባንዶችም ድምፃቸው በዚህ በኩል ተረፈልን። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ አምኃም በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ወርቃማው ዘመን የአንድ ሙዚቃ ቤት ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ከ1975 በኋላ ሙዚቃው ሞተ? የለም! በዚያው ዓመት ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ለካይፋ ሙዚቃ ቤት ተጫወተ። ይኸው ሥራ በ1986 ቤልጅግ ውስጥ ታትሞ ነው አውሮፓ ስለ እኛ ዘፈን ማውራት የጀመረው። አይቤክስ ደግሞ ቆየት ብሎ ሮሃ ሆነ። የሰዓት እላፊው ጊዜ፣ በር ተዘግቶ እስኪነጋ የሚጨፈርበት ጊዜ፣ የሮሃ ጊዜ ነው። ስንቱን ድምፃዊ አጅበው በካሴት አስቀረጹት!

ለእኛ ለደንዲ ልጆች ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ሸክላ ማጫወቻ የከተማና የባለገንዘብ ዕቃ ነበር። ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከዚያም አልፎ ገጠር ገባ። ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ ሰፊው ሕዝብ ባንድ የሰማው በካሴት ነው። በ1975 የሚቆም ወርቃማ ዘመን ይህን ጆሮ አይቆጥረውም።

የቋንቋውስ ነገር? ጥላሁን ገሠሠ ጎረቤታችን ወሊሶ ያደገ፣ በኦሮምኛም የዘፈነ ሰው ነው፤ በተከታታዩ ውስጥ 17ኛው ቅጽ የእሱ ነው። ዓሊ ቢራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ከአፍረን ቀሎ ጋር መዝፈን የጀመረ፣ ዘፈኖቹ ጊንጪ ገበያ ላይ ተርጓሚ የማያስፈልጋቸው ሰው ነው። «ታላቅ የኦሮሞ ሙዚቃ» የተባለው የእሱ ቅጽ የወጣው በ2013 ነው። ቁጥሩም 28! እንግዲህ አስቡት።

ፋልሴቶን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ባይደክም ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ስብስብ ራሱ አይኖርም ነበር፤ ከእኛ መሃል ያን ያህል የለፋ ማን አለ? ግን ያገኘውን ሰበሰበ፤ ያገኘውም በብዛት የአዲስ አበባ ሸክላ ነው። ከጊንጪ የሚነሳ ስብስብ ቢኖር አጀማመሩ ሌላ ነበር። ከዓሊ ቢራ ይነሳል፣ በሮሃ ካሴቶች መሃል ያልፋል፣ በ2009 የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣው የአምቦው ልጅ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ይደርሳል። ለዚህ የሚሆነው ካሴት ደግሞ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሸክላ ቢጫርም ይጫወታል፤ የካሴት ክር ግን በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፣ ይጣበቃል፣ አንዳንዱም ሌላ ዘፈን ተቀርጾበታል።