ቅራቅንቦ

ቅራቅንቦ የምንለው የማይረባ ዕቃን ነው፤ የተሰበረ ጃንጥላ፣ ክዳን የሌለው ብልቃጥ፣ የነተበ ፌስታል። ቃሉ ግን የሚያሳየው የተናጋሪውን ዓይን ነው፤ የባለቤቱን አይደለም። "እትዬ፣ ይህን ቅራቅንቦ ለቆራሌው እንስጥልዎት?" ስንላቸው አክስቴ ከአልጋ ሥር አንድ ባዶ የወተት ጣሳ ስበው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉ። "ልጄን ያሳደግኩበት እኮ ነው" አሉ።

ዕቃ አለመጣልን ስስትም እንለዋለን። ስህተት ነው። ስስታም የሚሳሳው ዋጋ ላለው ነገር ነው። ዋጋ ያለውንም የሌለውንም መጣል አስጨንቆት፣ መተኛውና ማብሰያው እስኪጠፋ ቤቱ የሞላበት ሰው ግን ታሞ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ችግር ብሎ መድቦታል።

እኛ ግን አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቀን ዕቃቸውን አወጣንባቸው። ከዚያ ወዲያ በሩን ይቆልፉብን ጀመር፤ ጣሳውም በዛ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቆይተን "ዕቃዎ" ማለት ስንጀምር፣ እሳት እንዳይነሳ ከምድጃው ዙሪያ ያለውን ብቻ አብረን እንድናነሳ ለመንናቸው። የሚወጣውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ካርቶን ወጣ።